የጠጠር መንደርደሪያ፤ ስለ ሩቅ አገር ትንንሽ የአይሮፕላን ማረፊያዎች አጭር ጥናት

ስለ አይሮፕላን ጣቢያ ሲነገር ብዙዎቻችን በሐሳባችን የምናየው የዋና ከተማውን ጣቢያ ነው፤ የመስተዋት ሕንፃውን፣ ረጅሙን አስፋልት፣ የሌሊቱን መብራት። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የመሥመሩን ሌላ ጫፍ ነው። ይኸውም የመኪና መንገድ በማይደርስበት፣ ወይም ደርሶ በየክረምቱ በሚቋረጥበት አገር ያለው ማረፊያ ነው፤ ያለውም በጠጠር የተደለደለ አንድ መንደርደሪያ፣ አንዲት ትንሽ ቤትና በእንጨት ላይ የተሰቀለ የጨርቅ እጅጌ ብቻ ነው።

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሦስት ትምህርቶችን በአንድ ሜዳ ላይ ያገናኛል፤ ፊዚክስን፣ ምሕንድስናንና ኢኮኖሚክስን። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ወደ ሜዳው የሚሄድ ሰው ጠጠሩን ወይ ይንቀዋል፣ ወይ ያለ ልክ ያደንቀዋል። ከጓደኞቻችን መካከል «አስፋልት ካልሆነ ማረፊያ አይባልም» የሚሉ አሉ፤ «አይሮፕላን የሀብታም መጓጓዣ ነው፤ ገንዘቡ ለመንገድ ይዋል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አሳብ ክብደት ያለው ስለ ሆነ በጩኸት ሳይሆን በቍጥር መመዘን ይገባዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ ሦስት አገሮች ምን እንዳደረጉ፣ በመጨረሻም ከዚህ ምን እንደምንማር በየተራ እናያለን። የኢትዮጵያን ነገር ስናነሣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን ስናነሣ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሀ. ማረፊያው ምን ምን አለው?

የሕዝብ ማረፊያ ስንል አንድ ድርጅት ለራሱ ሥራ ብቻ ያበጀው ሜዳ ማለታችን አይደለም። ደንቡን ለሚጠብቅ ለማንኛውም አይሮፕላን ክፍት የሆነ፣ ለጥበቃውም አንድ ኀላፊ ያለው ሜዳ ማለታችን ነው። ዋናው አካሉ መንደርደሪያው ነው፤ የቀረው ሁሉ የርሱ አገልጋይ ነው።

የመንደርደሪያውን አቅጣጫ የሚወስነው ነፋስ ነው። አይሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋስ ማዞር ይወዳል፤ በነፋሱ ፍጥነት መጠን በምድር ላይ የሚሮጠው ያንስለታልና። ነፋስ ከጎን ሲመታው ግን ይቸገራል። በዚህ ምክንያት የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት ደንብ መንደርደሪያ ሲቀየስ የጎን ነፋስ ከ100 ጊዜ ቢያንስ 95 ጊዜ እንዳያግደው ሆኖ እንዲሆን ይመክራል። ለዚህም የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ዓመት የነፋስ መዝገብ ያስፈልጋል። የአገሩ ሽማግሌዎች «ነፋሱ ከወዲያ ነው የሚመጣው» ቢሉ ቃላቸው ለመነሻ ይጠቅማል፤ ለመጨረሻ ውሳኔ ግን መዝገብ ይሻላል።

በመንደርደሪያው ጫፍ የሚጻፈው ቍጥርም ትርጕም አለው። ኮምፓስ የሚያሳየው አቅጣጫ በ10 ተካፍሎ የተገኘው ቍጥር ነው። 06 የተባለው ጫፍ ላይ የቆመ አይሮፕላን ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ያያል ማለት ነው። በሌላው ጫፍ የቆመው ደግሞ ወደ 240 ዲግሪ ስለሚያይ ቍጥሩ 24 ይሆናል። ሁለቱ ቍጥሮች ምንጊዜም በ18 ይለያያሉ።

የጨርቅ እጅጌው የነፋስን አቅጣጫና ኀይል ለአብራሪው የሚነግር ነው። በደንቡ መሠረት ርዝመቱ ከ3 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር፣ የአፉም ስፋት ከ90 ሳንቲሜትር እንዳያንስ ይጠየቃል። ሬዲዮ ቢበላሽ፣ ጠባቂው ቢታመም፣ ይህ ጨርቅ ብቻውን ይናገራል። ከዚህ በቀር ለሰውና ለጭነት ሚዛን፣ የነዳጅ በርሜሎች፣ እሳት ማጥፊያ፣ ከብት የሚከለክል አጥር ካለ ማረፊያው ሥራውን ሊሠራ ይችላል።

ለ. ጠጠር ለምን?

መንደርደሪያ በአራት መንገድ ይሠራል፤ በተደለደለ አፈር፣ በሣር፣ በጠጠር፣ በአስፋልት ወይም በኮንክሪት። አፈርና ሣር ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ዝናብ ሲመጣ ሜዳው የዝናቡ ነው። በተለይ በደጋው አገራችን ብዙ ቦታ የሚገኘው ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ አስፋልት እንኳ ያለ በቂ መሠረት ቢነጠፍ ብዙ ሳይቆይ ይፈርሳል።

የጠጠርን ሥራ ለመረዳት አንድ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የአይሮፕላን ጎማ ምድርን የሚጫነው በውስጡ ባለው አየር ግፊት መጠን ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። በአንድ እግር ላይ 5,000 ኪሎ ክብደት አለ እንበል። ጎማው ለስላሳ ሆኖ ግፊቱ በካሬ ሳንቲሜትር 3 ኪሎ ተኩል ከሆነ፣ ጎማው ምድርን የሚነካበት ስፋት 1,430 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ማለት ጎኑ 38 ሳንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን። ጎማው ጠንካራ ሆኖ ግፊቱ 14 ኪሎ ቢሆን ግን ስፋቱ ወደ 357 ካሬ ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ጎኑም 19 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ክብደቱ ያው ነው፤ ምድር የሚሰማት ግን አራት እጥፍ ነው። በስለታም ተረከዝና በሰፊ ጫማ ጭቃ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ልዩነታቸው ይኸው ነው።

አሁን 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው በሚገባ የተዳመጠ ጠጠር ከሥር እናንጥፍ። ጠጠሩ ጭነቱን ወደ ጎን እያሰፋ ያወርደዋል፤ በተለመደው ግምት በየጎኑ የጥልቀቱን ግማሽ፣ ማለት 10 10 ሳንቲሜትር ይሰፋል። እንግዲህ የለስላሳው ጎማ ጭነት አፈሩ ዘንድ ሲደርስ በ58 ሳንቲሜትር ጎን ላይ ተዘርግቶ ግፊቱ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይወርዳል። የጠንካራው ጎማ ጭነት ግን በዚያው ጠጠር ውስጥ አልፎ አፈሩን 3 ነጥብ 3 ኪሎ ገደማ ይጫነዋል። ከዚህ የምንረዳው መንደርደሪያ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚባለው ለብቻው ሳይሆን ከሚያርፍበት አይሮፕላን ጋር ሲታይ መሆኑን ነው። ይህን አሳብ አንባቢዎቻችን እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ ተመልሰን እንደርስበታለን።

ጠጠርም ሁሉ አንድ አይደለም። ከወንዝ የሚለቀመው ድብልብል ጠጠር እየተንከባለለ አልይዝ ይላል፤ የተፈለገው ማዕዘን ያለው፣ ትልቅና ትንሹ የተቀላቀለ፣ እርስ በርሱ የሚቆላለፍ ድንጋይ ነው። እንዲያያዝም ጥቂት ጭቃማ አፈር ያስፈልገዋል። ጭቃው ሲያንስ ጠጠሩ ይበተናል፤ ሲበዛ በዝናብ ይላቍጣል። የቤት ግድግዳ መርጎ የሚያውቅ ሰው የጭዱና የጭቃው ልክ ሲዛባ ምን እንደሚሆን ስለሚያውቅ ይህ አይገርመውም።

ከሁሉ በላይ ግን የጠጠር ጠላት ውኃ ነው። ስለዚህ የመንደርደሪያው መካከል ጎበጥ ብሎ ወደ ሁለቱ ጎን ይደፋል። 30 ሜትር ስፋት ያለው መንደርደሪያ በ100 ሜትር 2 ሜትር ያህል ዝንባሌ ቢሰጠው መካከሉ ከዳሩ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ዳር ዳሩን ውኃውን ተቀብሎ የሚወስድ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ ከተደፈነ ዳምጠው ዓመት ሙሉ ቢመላለስበትም ሜዳው አይድንም።

ሐ. የከፍታ ዋጋ

በደጋ አገር ማረፊያ የሚሠራ ሁሉ ሊረሳው የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ከፍ ባልን ቍጥር አየሩ ይሳሳል። ክንፍ አይሮፕላኑን የሚያነሣበት ኀይል ከአየሩ ጥቅጥቅነትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ ጣቢያ ከባሕር ጠለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ በመደበኛው ቀን የአየሩ ጥቅጥቅነት ከባሕር ዳርቻው 100 እጅ 79 እጅ ያህል ነው። ያንኑ ክብደት ለማንሣት የፍጥነቱ ካሬ 100 ሲካፈል ለ79፣ ማለት 1 ነጥብ 27 እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሮጦ የሚነሣ አይሮፕላን እዚህ ከ112 በላይ መሮጥ ያስፈልገዋል።

በዚህ ብቻ አያበቃም። በእኩል ግስገሳ የሚሮጥ ነገር የሚፈልገው ርቀት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ 800 ሜትር ይበቃው የነበረው አሁን ከ1,000 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሞተሩም ቀጭን አየር ስለሚተነፍስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ለስላሳ ጠጠር ደግሞ ጎማውን ይይዛል። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ርቀቱ ከዚያም ይበልጣል። በደጋ አገር የትንሽ አይሮፕላን አብራሪ በማለዳ ለመነሣት የሚቻኰለው፣ አንዳንድ ጊዜም ተሳፋሪ ወይም ጆንያ የሚያስቀረው በጠባይ ክፋት ሳይሆን በዚህ ሒሳብ ምክንያት ነው።

መ. አንደኛ ምሳሌ፤ ሉክላ

ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 ከቴንዚንግ ኖርጌ ጋር የኤቨረስትን ጫፍ ከረገጠ በኋላ ወደ ኔፓል እየተመለሰ ለሸርፓ ሕዝብ ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤት ያሠራ ነበር። ከካትማንዱ እስከዚያ ድረስ የሚወስደው የእግር መንገድ ሁለት ሳምንት ያህል ስለ ነበረ፣ ሚስማሩም መስኮቱም መድኃኒቱም በሰው ጀርባ ይሄድ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1964 ሉክላ በምትባል መንደር አጠገብ ማረፊያ ተሠራ። መሬቱ ከባለ እርሻዎቹ በ2,650 የአሜሪካ ዶላር እንደ ተገዛ፣ ሥራውንም የአገሩ ሰዎች በእጃቸው እንደ ሠሩት ተጽፏል። አፈሩ አልጠነክር ቢል ሂላሪ ለሸርፓዎቹ የአገሩን መጠጥ ገዝቶ፣ እነርሱም እየዘፈኑ በእግራቸው እየደለቁ እንደ ደመደሙት ይነገራል። ዳምጠው በሌለበት እስክስታም ይዳምጣል ማለት ነው።

ሜዳው ከባሕር ጠለል 2,845 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። መንደርደሪያው 527 ሜትር ብቻ ነው። ከወዲህ በኩል ገደል፣ ከወዲያ በኩል ተራራ ስለ ሆነ ርዝመት መጨመር አልተቻለም። ያዳነው ዝንባሌው ነው፤ በ100 ሜትር 11 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ይወጣል። አይሮፕላኖች ወደ ላይ ያርፋሉ፣ ወደ ታች ይነሣሉ።

ይህ ዝንባሌ ምን እንደሚሠራ እንቍጠረው። በ527 ሜትር ውስጥ መንደርደሪያው ወደ 62 ሜትር ገደማ ይወጣል። የሚሮጥ አካል የእንቅስቃሴ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ከፍታ ቢለውጥ የፍጥነቱ ካሬ ከ2 ጊዜ ከ9 ነጥብ 8 ጊዜ ከከፍታው ጋር እኩል ይሆናል። ይኸውም 1,210 ገደማ ነው፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 35 ሜትር፣ በሰዓት 125 ኪሎሜትር ያህል ማለት ነው። እንግዲህ በሰዓት 125 ኪሎሜትር እየሮጠ ታችኛውን ጫፍ የነካ አይሮፕላን ፍሬን ሳይነካ፣ በዳገቱ ብቻ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሲነሣም ቍልቍለቱ ያንኑ ጉልበት ይመልስለታል። ተራራው የወሰደውን ርዝመት ተራራው ራሱ ከፈለው።

ሉክላ እስከ 2001 ድረስ ሳይነጠፍ አገለገለ፤ በ2008ም በቴንዚንግና በሂላሪ ስም ተሰየመ። ለሐኪም ቤት ዕቃ የተከፈተው በር ግን ለዕቃው ብቻ አልቀረም። ከመላው ዓለም ተራራ ወጪና ጎብኚ ጐረፈበት። ለሸርፓዎቹ ሥራና ገንዘብ መጣላቸው፤ ከዚያው ጋር የማገዶ ፍላጎት በዝቶ ደኑን ስለ ጎዳው እ.ኤ.አ. በ1976 አገሩ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ እንዲጠበቅ ተደረገ። አንድ መንደርደሪያ የአገሩን ሰው ወደ ዓለም ብቻ ሳይሆን ዓለምንም ወደ አገሩ ጓዳ ያስገባል፤ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ብልኅነት ነው።

ሠ. ሁለተኛ ምሳሌ፤ የውርጭ አገር

በሰሜን ካናዳ ኑናቩት የሚባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 ተቋቋመ። በ25 ሰፈሮች ተበታትኖ የሚኖረው ሕዝብ፣ አብዛኛውም ኢኑዊት፣ 40 ሺህ ገደማ ነው። ከሰፈር ሰፈር የሚያገናኝ መንገድ የለም፤ ወደ ደቡብ ካናዳም የሚወስድ የለም። መርከብ የሚመጣው በረዶው በሚቀልጥበት በአጭሩ በጋ ብቻ ነው። ለቀረው ጊዜ ደብዳቤውም፣ ሐኪሙም፣ ወላዷም፣ ትኩሱ ምግብም በአይሮፕላን ነው። ካናዳ ሀብታም አገር ናት፤ ሆኖም ኢቃሉዊትንና ራንኪን ኢንሌትን ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር የነዚህ ሰፈሮች መንደርደሪያ ጠጠር ነው። ካምብሪጅ ቤይን የመሰለ ብዙ ጕዞ የሚተላለፍበት ቦታ እንኳ ለብዙ ዘመን የጄት አይሮፕላን በጠጠር ላይ ሲቀበል ኖሯል።

ምክንያቱ ድህነት አይደለም። የዚያ አገር አፈር ከሥር ዓመት እስከ ዓመት የማይቀልጥ ውርጭ ነው። የላይኛው ጥቂት ንብርብር በየበጋው እየቀለጠ በየክረምቱ እየረጋ ምድሩን ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ጥቁር አስፋልት የፀሐይን ሙቀት እየጠጣ ከሥሩ ያለውን ውርጭ ሊያቀልጥ ይችላል፤ ምድር ስትነሣና ስትሰምጥም ይሰነጠቃል። ጠጠር ግን ቢጎብጥ ግሬደር ያስተካክለዋል። በኛ አገር ዋልካው የሚያደርገውን በዚያ ውርጩ ያደርገዋል፤ ምክሩም አንድ ነው፤ ምድሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አብሮ የሚጠገን ነገር አንጥፍበት።

ይሁን እንጂ ጄት በጠጠር ላይ ማሳረፍ ቀላል አልነበረም። የአፍንጫ ጎማው ጠጠር ይወረውራል፤ የሞተሩ አፍም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ እንደ ትንሽ ዐውሎ ነፋስ ድንጋይ ከምድር ሊመጥጥ ይችላል። ስለዚህ ከ1969 ጀምሮ ለቦይንግ 737-200 ልዩ የጠጠር ዕቃ ተዘጋጀለት። በአፍንጫ ጎማው ላይ ድንጋይ የሚመልስ ሰፊ መከላከያ ተደረገ፤ ከሞተሮቹ አፍ በታች አየር እየነፋ ዐውሎውን የሚበትን ቱቦ ገባ፤ የሆዱና የክንፉ ሥር በጠንካራ ቀለምና በመሸፈኛ ተጠበቀ፤ የጎማውም ግፊት ዝቅ ይላል። እነሆ ከላይ የሠራነው የጎማ ሒሳብ ተመልሶ መጣ።

ይህ ዓይነት 737 መሠራቱ በ1988 ቆመ። ከርሱ በኋላ የመጡት ሞተራቸው የሰፋ፣ ወደ ምድርም የቀረበ ስለ ሆነ የጠጠር ዕቃ አልተሠራላቸውም። አሮጌዎቹ አንድ በአንድ ከሥራ ሲወጡ የሰሜን ሰፈሮች ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፤ ወይ በብዙ ገንዘብ ማንጠፍ፣ ወይ ከጄት ወደ ፕሮፔለር መመለስ። ሜዳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አይሮፕላኑ ነው። ሜዳውን ያስረጀው ይህ ነው።

ረ. ሦስተኛ ምሳሌ፤ የኛ ሜዳዎች

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያየችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ የተባለ የፈረንሳይ አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲያርፍ የተቀበለው የተነጠፈ ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጕዞ አደረገ። አውራ ጎዳናዎችን የሚሠራው ባለሥልጣን የተቋቋመው ግን በ1943 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ የአገሬው ሰው የጭነት መኪና ሳያይ አይሮፕላን አየ ቢባል ሐሰት አይደለም።

ይህን ያስቻለው ዲሲ-3 የተባለው አይሮፕላን ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ፣ ሲጭን 11 ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ጎማው ለስላሳ የሆነ አይሮፕላን ነበር። ሦስተኛው ጎማ በጭራው ሥር ስለ ሆነ ቆሞ ሲታይ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይቀስራል፤ በዚህም ፕሮፔለሮቹ ከጠጠሩ ይርቃሉ። መቀመጫው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሮ መካከሉ ለጭነት ይተው ስለ ነበር ተሳፋሪው፣ ቡናውና ቆዳው በአንድ ሆድ ይጓዙ ነበር። የአገር ውስጥ ሜዳዎቻችን ለርሱ ልክ ተሰፉ። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮም 19 ሰው የሚይዘው፣ በአጭር ሜዳ የሚነሣው ትዊን ኦተር አብሮት አገለገለ።

ጉድለቱ በክረምት ይታይ ነበር። ላሊበላን የመሰለ ዓለም የሚያውቀው ቦታ እንኳ የቀድሞው ሜዳው ስላልተነጠፈ አይሮፕላን የሚቀበለው በበጋ ነበር። መንገዱን ጐርፍ በሚቆርጥበት ወራት ሜዳውም አብሮ ይዘጋል ማለት ነው፤ ይህም በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ነው። «የጠጠር ሜዳ» የተባለው ሁሉ በእውነት ጠጠር እንዳልነበረም ከዚህ እንረዳለን፤ ብዙው ድንጋዩ የተለቀመለት አፈር ነበር።

የሜዳ መኖርና አለመኖር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ታየ። ከዚያ ዓመት ጥቅምት ገደማ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል የእንግሊዝ አየር ኀይል ሄርኩሊስ አይሮፕላኖች እህል አመላለሱ፤ የምዕራብ ጀርመን፣ የሶቪየት ኅብረትና የፖላንድ አይሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮችም ተካፈሉ። ሜዳ ባለበት፣ ያልተነጠፈም ቢሆን፣ አይሮፕላኑ አርፎ ጆንያውን በሰው ትከሻ ያወርዳል፤ ሲመለስም በሽተኛ ሊጭን ይችላል። ሜዳ በሌለበት ተራራ ግን እህሉ በጆንያ ላይ ጆንያ ተደርቦበት ዝቅ ብሎ ከሚበር አይሮፕላን ይጣል ነበር። የተጣለ ጆንያ ይቀደዳል፣ ይበተናል፤ የሚወርድበትም ቦታ አስቀድሞ ሰው እንዳይጎዳ መጠበቅ አለበት፤ ከዚያም በሽተኛን ይዞ የሚመለስ የለም። በአንዱ ወረዳና በሌላው መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ኪሎሜትር ያህል የተደለደለ ምድር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ማረፊያዎች ተነጥፈዋል፤ አክሱምና ላሊበላ፣ አርባ ምንጭና ጅንካ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ዛሬ ከ20 በላይ የአገር ውስጥ ማረፊያዎች መደበኛ በረራ ይቀበላሉ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ዲሲ-3 ሲሄድ፣ ትዊን ኦተርም ሲከተለው፣ ትልልቆቹ አይሮፕላኖች ያልፈለጓቸው ብዙ ትንንሽ ሜዳዎች መደበኛ በረራቸውን አጡ። የበረራ ሠንጠረዥ የተወው ሜዳ የግጦሽ መስክ ይሆናል፤ አንዳንዱም ከተማ ይበላዋል። የኑናቩት ጥያቄና የኛ ጥያቄ በዚህ ይገናኛሉ።

ሰ. ጥበቃው

ጠጠር በርካሽ ይገዛል፤ በርካሽ ግን አይቀመጥም። በየዓመቱ ጥቂቱ በነፋስ፣ ጥቂቱ በጎማ፣ ጥቂቱ በጐርፍ ይሄዳል። ጎማ በሚበዛበት ቦታ እንደ መታጠቢያ ሰሌዳ ሞገድ ያወጣል። ደቃቁ አፈር አቧራ ሆኖ ሲሄድ የቀረው ድንጋይ ልቅ ይሆናል፤ ልቅ ድንጋይ ደግሞ የፕሮፔለር ጠላት ነው። አብራሪዎች በጠጠር ላይ ቆመው ሞተሩን እስከ ጥጉ የማይነዱት፣ መጀመሪያ ተንቀሳቅሰው ጉልበቱን ቀስ በቀስ የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥበቃው የየቀን፣ የየወቅትና የየዘመን ነው። የየቀኑ አንድ ሰው መንደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ሄዶ ድንጋይ ማንሣት፣ ጕድጓድ መድፈን፣ ከብትና አህያ ማራቅ ነው። የየወቅቱ ከክረምት በፊት ቦዩን መጥረግ፣ ከክረምት በኋላ በግሬደር ማስተካከል፣ ውኃ አርከፍክፎ በዳምጠው መደምደም ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላም ሜዳው መጽናቱን ለማወቅ የተጫነ የጭነት መኪና በቀስታ ነድቶ የጎማው ዱካ ምን ያህል እንደ ሰመጠ ማየት ይቻላል። የየዘመኑ ያለቀውን ጠጠር መተካት ነው።

ከነዚህ አብዛኛው ዶማ፣ አካፋና የታመነ ሰው ይፈልጋል እንጂ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። ሜዳ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ለመሥሪያው ገንዘብ ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ ለመሥሪያው በጀት ተይዞ ለጠባቂው ደመወዝ ስላልተያዘ ነው። ሪባን የሚቆረጠው በምረቃው ቀን ነው፤ ቦይ ሲጠረግ ግን ማንም ፎቶግራፍ አያነሣም።

ሸ. መደምደሚያ

አሁን ወደ ሁለቱ ጓደኞቻችን አሳብ እንመለስ። «አስፋልት ወይም ምንም» ለሚለው የምንመልሰው፣ መንደርደሪያ ለሚያርፍበት አይሮፕላንና ለሚሸከመው ምድር ይሠራል እንጂ ለክብር አይሠራም የሚል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ 19 ሰው ለሚያመጣ አይሮፕላን በሚገባ የተሠራ ጠጠር ይበቃል፤ በየቀኑ 70 ሰው ለሚመጣበት ከተማ ግን ጠጠር ቁጠባ መስሎ ኪሳራ ነው። «ገንዘቡ ለመንገድ» ለሚለው ደግሞ እውነትነቱን አንክድም፤ ብዙ ጆንያ የሚሄደው በመንገድ ነው፣ ድኻውም የሚሄደው በመንገድ ነው። ነገር ግን በተራራና በገደል መካከል የመንገድ ሥራ ዓመታት ይፈጃል። በምጥ የተያዘች ሴት ዓመታት አትጠብቅም። አንድ ኪሎሜትር ጠጠር በአንድ በጋ ይደለደላል፤ መንገዱ እስኪደርስ ያገለግላል፤ ከደረሰም በኋላ መንገዱ በተቆረጠ ዕለት ይጠራል።

ተመርቀን ወደ ሩቅ ወረዳ ለሥራ ስንሄድ እንዲህ ያለ ሜዳ፣ ወይም ሜዳ የነበረ መስክ፣ ሊያጋጥመን ይችላል። ያን ጊዜ ከማድነቅም ከመናቅም በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ አሳብ እናቀርባለን።

1ኛ፤ በዚህ ሜዳ ላይ የሚያርፈው አይሮፕላን የትኛው ነው፤ እርሱስ ከ20 ዓመት በኋላ ይኖራልን?

2ኛ፤ ውኃው ወዴት ይሄዳል?

3ኛ፤ መሬቱ የማን ግጦሽ ነበር፤ ባለቤቱስ ምን ተከፈለው? (ሉክላ ላይ መሬቱ ተገዝቷል።)

4ኛ፤ ነገ ጧት መንደርደሪያውን በእግሩ የሚሄደው ማነው፤ ደመወዙንስ ማን ይከፍለዋል?

ለአራቱም መልስ ያለው ሜዳ ጠጠር ቢሆንም ጣቢያ ነው። መልስ የሌለው ግን አስፋልት ቢለብስም ከጊዜ በኋላ የበግ ማሰማሪያ መሆኑ አይቀርም። የምሕንድስና፣ የሕክምናና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች በዚህ ላይ ያላቸውን የተለየ አሳብ ቢጽፉልን ክርክሩ ይቀጥላል።